አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ

ዮሂራ ስምንት መቶ ዓመት በሞላው ዕለት፣ ኬክ የቆረሱለት ሰዎች ከምሳ በኋላ ፖሊስ ጠሩ።

ዮሂራ ደም መጣጭ ነው። አልሞተም፤ ኖሮም አያውቅም። ሃያ ሰባት ቅጽ የደረሰ ተከታታይ ልብ ወለድ ጀግና ነው። ቶኪዮ ውስጥ ጂምቦቾ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ሱቆቹ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትገኘው ትንሽዬ አሳታሚ ቤት ግን በየዓመቱ ልደቱን ታከብርለታለች። ሦስተኛው ቅጽ ላይ በተጻፈው መሠረት ሰባት ሻማ ይለኮሳል፣ ይዘመራል፣ የባለልደቱ ድርሻ ተቆርሶ ባዶ ወንበር ፊት ይቀመጣል። ማታ ላይ ያንን ድርሻ ዋና አርታኢው ይበላዋል።

እኔና ኢንስፔክተር ሺጌሞሪ ስንደርስ ድርሻው እንዳለ ነበር። ዋና አርታኢው ኢሶቤ የምግብ ፍላጎቱ ተዘግቷል።

የጠፋው አንድ ትልቅ ፖስታ ነው። በውስጡ የሦስተኛውና የመጨረሻው መምሪያ መጽሐፍ የእርማት ወረቀቶች ነበሩ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ገጽ። መምሪያ ማለት ልብ ወለዱን አንብቦ ላልጠገበ ሰው የሚዘጋጅ ጓደኛ መጽሐፍ ነው፤ የገጸ ባሕርያቱ ልደት፣ ቁመት፣ የሚወዱት ምግብ፣ የሚፈሩት ነገር፣ የደም ዓይነታቸው። ደም መጣጭ ስለ ራሱ የደም ዓይነት ለምን እንደሚጨነቅ አትጠይቁኝ። ኤቢ ነው። ይህን ከየት አወቅሽ ያለኝም የለም፤ ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ሁለቱን መምሪያዎች ትራሴ ሥር አድርጌ መተኛቴን ጣቢያ ውስጥ አውርቼ አላውቅም።

«ሌላ ቅጂ የለም?» አለ ኢንስፔክተር ሺጌሞሪ።

ኢሶቤ ጠረጴዛውን እያየ አስረዳው። ደራሲዋን መምህር ኡትሱሚን ሁሉም መምህር ነው የሚሏቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ የሚጽፉት በእጅ ብቻ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ስለ ዮሂራ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ በቀይ ቀለም መልሰው ለመጨረስ አራት ወር ፈጅቶባቸዋል። ፖስታው መምህር ከሚኖሩበት ከካማኩራ የደረሰው ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ማክሰኞ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ከዚህ በኋላ ብዕር አልይዝም ብለዋል፤ ስለዚህ የጠፋው የመጨረሻ የእጅ ጽሑፋቸው ነው።

«እንደገና ይጻፉልን የምልበት አፍ የለኝም» አለ።

ረዳት አርታኢዋ ቺናትሱ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያንን ሁሉ ሰዓት ስታለቅስ ቆይታለች። ጥፋቱ የእሷ ነው አለች። ገጽ ቆጣሪው ከቆጠረ በኋላ ኮፒ ማድረግ የእሷ ሥራ ሲሆን፣ ከኬኩ በኋላ ይደርሳል ብላ አቆይታዋለች። ከዚያም የቀኑን ጥፋቷን ሁሉ ለፖሊስ ለመዘርዘር የቆረጠች ይመስል፣ ባቡር ውስጥ ቦርሳዋ ተጨፍልቆ አንዱን ሻማ መስበሯን፣ ለባዶው ወንበር ጎንበስ ብላ ይቅርታ መጠየቋን፣ የአበባ ውሃ መርሳቷን ሳይቀር ተናገረች። ሁሉንም በማስታወሻዬ ጻፍኩ። እኔ ሁሉንም ነው የምጽፈው።

ፖስታው የነበረበትን ጠረጴዛ አየነው። አጠገቡ የሃያ ሰባቱም ቅጾች የሽፋን ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ በእጅ የተሣሉ ናቸው፣ ሰብሳቢዎች አንዷን ለማግኘት መኪናቸውን ይሸጣሉ። ሌባው አልነካቸውም።

«ሥዕል የማይወድ ሌባ» አልኩ።

«ወይም ማንበብ የሚወድ» አለ ሺጌሞሪ።

ሺጌሞሪ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። የወንጀል ልብ ወለድ ይወዳል፤ ግን የሚጀምረው ከመጨረሻው ገጽ ነው። ገዳዩን ካወቅኩ በኋላ በሰላም አነባለሁ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት መርማሪ ሆነ ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄው፣ ሥራ ላይ የመጨረሻውን ገጽ የሚሰጠኝ ስለሌለ ነው የምበሳጨው ብሎኛል።

ገጽ ቆጣሪው አቶ ኩሱዳ ነው፤ አራሚ ነው። ክፍሉ ከቁም ሣጥን ትንሽ ይሰፋል። ጠረጴዛው ላይ ስድስት እርሳሶች ጫፋቸው ተቀርጾ በቁመት ተሰልፈዋል፤ ሰባተኛው ጆሮው ላይ ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ሲሆን ሠላሳ አንዱን ያሳለፈው እዚያ ክፍል ውስጥ የዮሂራን ስህተት በመልቀም ነው።

ሺጌሞሪ ብዕር የለህም ወይ አለው። ኩሱዳ ሳይቆጣ አስረዳ። አራሚ የሚጽፈው በእርሳስ ብቻ ነው። ማስተካከል አይችልም፤ መጠየቅ ብቻ ነው የሚችለው። ቅጽ ሁለት ላይ ዓይኑ ግራጫ ነበር፣ እዚህ ጥቁር ሆኗል፣ የትኛው ይሁን ብሎ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ይጠይቃል። ደራሲዋ በቀይ ይመልሳሉ። ትክክል ነው አትንኩት ለማለት «ይቆይ» ብለው ይጽፋሉ። ከመታተሙ በፊት እርሳሱ ይጠፋል።

«ቀይ ነክተህ አታውቅም?»

«ቀይ የደራሲ ነው።»

«መምህርን በደንብ ታውቃቸዋለህ ማለት ነው።»

«ሁለት ጊዜ ተገናኝተናል» አለ ኩሱዳ። «አንዱ ሊፍት ውስጥ ነው። ስንተኛ ፎቅ አሉኝ፣ ሦስተኛ አልኳቸው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በኅዳግ ላይ የተጻጻፉ ሰዎች ናቸው። ይህን ሲናገር ጆሮው ቀላ፤ ልብ ብዬ ጻፍኩት።

ድግሱ ላይ ነበርክ ወይ ሲባል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነበርኩ አለ። ሻማው ሲለኮስ፣ ሲዘመር፣ ሲቆረስ። ስንት ሻማ ነበር አለው ሺጌሞሪ፤ እንዲህ ያለ የማይረባ ጥያቄ ሁሉንም ሰው ይጠይቃል።

«ሰባት» አለ ኩሱዳ።

ኢሶቤ ግን የሚጠረጥረው ሌላ ሰው ነበር። ባለፈው ዓመት ብቻ አሥራ አራት ጊዜ የደወለ አንባቢ አለ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የዮሂራ የውሻ ክራንቻ በመጀመሪያው መምሪያ አሥራ አራት ሚሊሜትር፣ በሁለተኛው አሥራ አንድ የሆነው ለምንድን ነው? መጨረሻ ላይ መልሱን ራሴ መጥቼ አያለሁ ብሎ ዝቷል።

በማግስቱ ሱጋሞ ሄድን። ደዋዩ ዶክተር ሃናዋ የጥርስ ሐኪም ነው።

እያንዳንዱን መምሪያ በሦስት በሦስት ቅጂ ይዞታል። አንዱ ለማንበብ፣ አንዱ ሳይከፈት ለማስቀመጥ፣ አንዱ ደግሞ ለማያውቁ ሰዎች እያዋሰ ወደ ሃይማኖቱ ለማስገባት። የሚያውሰው ተራቁቶ ገጹ ወላልቋል፤ ግማሽ ሱጋሞ ተጠምቋል ማለት ነው።

«ሦስት ሚሊሜትር ቀላል ነገር አይደለም» አለን። «ሰው በሦስት ሚሊሜትር ያለቅሳል።»

በስርቆቱ ሰዓት አንድ ጡረተኛ የመንጋጋ ጥርስ እየነቀለ ነበር። ጡረተኛውን ጠራነው፤ ባበጠ ጉንጩ ሰዓቱን፣ ሕመሙን፣ በመሃል ስለ ዮሂራ የተሰጠውን ስብከት ሳይቀር አረጋገጠልን። የሃናዋ ነገር እዚያው አለቀ።

ሺጌሞሪ ሊወጣ ሲል ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለች ካርድ አየ። ሃናዋ ኩራቱን መደበቅ አልቻለም። በመከር ለመምህር ስለ ክራንቻው ጽፎ በእጃቸው የመለሱለት ነው። ካርዷ ላይ በቀይ እንዲህ ይላል፦ «የግራው ጥርሱ ጫፉ ተሸርፏል፤ በአዲስ ዓመት የዋልኖት ለውዝ ሰብሮበት ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድ ይፈራል። እርስዎ ደግ ይሁኑለት።»

«ቀልደኛ ናቸው» አለ ሃናዋ።

ሃያ ሰባቱንም ቅጽ በቃሌ አውቃለሁ ማለት ይቻላል። ዮሂራ ዋልኖት በልቶ አያውቅም፤ ምንም በልቶ አያውቅም። ሺጌሞሪ ካርዷን ሁለት ጊዜ አነበባት።

ዓርብ ወደ አሳታሚ ቤቱ ተመለስን። ኢሶቤ የባሰ ከስቷል፤ ካማኩራ ደውሎ እውነቱን ለመናገር ሦስት ጊዜ ስልክ አንስቶ ሦስት ጊዜ መልሶ አስቀምጧል። ቺናትሱ መደርደሪያውን ሁሉ ከግድግዳ ነቅላ አቧራ ለብሳለች። ኩሱዳ ትኩሳት ይዞኛል እያለ ሁለት ቀን በጊዜ ወጥቷል። ያን ዕለት ግን ነበር፤ ሻይ ያቀረበልንም እሱ ነው። ሺጌሞሪ ሻዩን ሲቀበል የኩሱዳን እጅ ከሚገባው በላይ አየው።

ደረጃው ላይ ቆመን ማስታወሻሽን አውጪ አለኝ።

«ስንት ሻማ ነበር?»

ገለጥኩ። ኢሶቤ ስድስት። የሽያጭ ሠራተኛው ስድስት። ቺናትሱ ስትመጣ አንዱ ተሰብሯል።

«ኩሱዳ?»

«ሰባት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስህተት ሲለቅም የኖረ ሰው ስድስት ሻማ ሰባት አድርጎ አይቆጥርም» አለ ሺጌሞሪ። «ኬኩን ያየ ሰው ስድስት ይላል። ሰባት የሚለው መጽሐፉን ያነበበ ሰው ነው። ሲለኮስ እዚያ አልነበረም። መንገድ ላይ ነበር፤ ለመቆረሱ ደረሰ።»

መደነቄን መደበቅ አልቻልኩም። ሺጌሞሪ ግን ደስ ያለው አይመስልም።

«ደግሞ የመሃል ጣቱን አይተሻል?»

አላየሁም ነበር።

«ቀይ ነው» አለ።

ኩሱዳ ማቺያ ውስጥ፣ የትራም ሐዲድ ዳር፣ ሁለት ክፍል ቤት ብቻውን ይኖራል። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ሲከፍት ምንም አልጠየቀንም፤ ጫማ ማውለቂያው ላይ ሁለት ነጠላ ጫማ አሰለፈልንና ወደ ውስጥ መራን። ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ክምር ወረቀት አለ። በመሃል አንድ ቀይ ብዕር፣ እንደ እንግዳ ብቻውን ተቀምጧል።

የግራው ክምር የመምህር ነው። የቀኙ እሱ በባዶ የእርማት ወረቀት ላይ የጀመረው ነው፤ ጥያቄዎቹ እነዚያው፣ መልሶቹ በመምህር የእጅ ጽሑፍ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየው እጅ ስለሆነ ከራሱ እጅ ይልቅ አሳምሮ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ይበቃኛል ብዬ ነበር አለ። ሰው ሁሉ ዘፈን ላይ እያለ ፖስታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ባቡር ጣቢያው ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ በማግስቱ ከመደርደሪያ ጀርባ ወድቆ አገኘሁት ሊል። አራት መቶ አሥራ ሁለት መልስ በአንድ ቀን እንደማያልቅ ያወቀው ሲጀምር ነው። ፖሊስ ይጠራል ብሎ ደግሞ ጨርሶ አላሰበም።

«ለምን?» አለ ሺጌሞሪ።

ኩሱዳ ከግራው ክምር የላይኛውን ገጽ አንሥቶ ሰጠኝ። ለእኔ የሰጠኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት አንባቢ ፊት ላይ ያስታውቅ ይሆናል።

የዮሂራ ቁመት በቅጽ ሁለት መቶ ሰማንያ ሁለት፣ በቅጽ አሥራ አምስት መቶ ሰባ ስምንት ነው፤ የትኛው ይሁን? በቀይ፦ «የወጥ ቤታችን በር ላይ ጎንበስ ይላል። ሁለቴ ረስቶ ግንባሩን ተመትቷል።»

የሚወደው ምግብ? «ቀዝቃዛ ቶፉ ከዝንጅብል ጋር። ነሐሴ ላይ ብቻ።»

የት ተወለደ? «ኒጋታ፣ በረዶው ከጣሪያ በልጦ በመስኮት የወጡበት ዓመት።»

ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ ስደርስ መልሱ ረዘም ይል ነበር፦ «ዮሂራ የምትሉት ባለቤቴን መሆኑ አሁን ነው የገባኝ። ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ከላይ ያሉትንም በደንብ እመልስ ነበር።»

ባለቤታቸው የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። መምህር ዮሂራን ግን ረስተውታል። ሃያ ሰባት ቅጽ የጻፉለትን ሰው።

«ገጽ ስቆጥር ነው ያየሁት። ሰው ይስቅባቸዋል» አለ ኩሱዳ። «የመጨረሻ መጽሐፋቸው ነው። ሰው እየተቀባበለ ያነበዋል፣ ይስቃል። እኔ ትክክለኛውን መልስ ሁሉ አውቀዋለሁ። ቁመቱ መቶ ሰማንያ ነው፤ ቅጽ ሃያ ላይ እሳቸው ራሳቸው ወስነዋል። እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል?»

ቀይ ያለመንካት ሕጉን አላነሳብንም፤ ሐፍረቱ ግን ከስርቆቱ ይልቅ በእሱ እንደነበር ከብዕሩ ፊቱን ሲያዞር ያስታውቃል።

ሺጌሞሪ የግራውን ክምር ሳብ አደረገ። እንደ ልማዱ ነው፤ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። አነበበ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። እኔም አነበብኩ፤ ምን እንደሚል በቦታው እነግራችኋለሁ።

«አራት መቶ አሥራ ሁለትን አይተኸዋል?» አለው።

«አላየሁም። ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ላይ ነኝ» አለ ኩሱዳ። «በቅደም ተከተል ነው የምሄደው። አራሚ ወደፊት ዘሎ አያነብም።»

«እስቲ ንገረኝ። አራሚ ሲጠራጠር ምን ያደርጋል?»

ትራም አለፈ፤ የሻይ ኩባያዎቹ ተንቀጠቀጡ።

«በእርሳስ ይጠይቃል» አለ ኩሱዳ።

«ታዲያ ጠይቅ።»

ኩሱዳ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ።

እሁድ ጠዋት ለኢሶቤ ሁሉንም ነግረን ከእሱ ጋር ካማኩራ ሄድን። መምህር ኡትሱሚ ትንሽ፣ ቀልጣፋ ሴት ናቸው። ብርቱካን አቀረቡልን፤ ሺጌሞሪን ከባቡር መሥሪያ ቤት የመጣ መስሏቸው ቆብህን አውልቅ ልጄ አሉት። ቆብ አላደረገም ነበር፤ ግን እጁን ወደ ራሱ ላከ። ለዚህ ነው ሰውየውን የማከብረው።

ኢሶቤ ተንበርክኮ ወረቀቶቹን ዘረጋ። ኩሱዳ በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ከዚህ ጀምሮ ያሉት መልሶች ስለ ሌላ ሰው ይመስሉኛል። እንዳሉ ይሁኑ?»

መምህር ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ ሌላውን ክምር፣ የቀኙን፣ ሳብ አድርገው አዩት።

«ይሄ የእኔ አይደለም። በጣም ያምራል» አሉ። «የእርሳሱ ሰው ነው?»

ኢሶቤ አዎ አለ።

«ቀይ ያዘ?» ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲያበቁ ዓይናቸው ጠርቶ ነበር። እየረሱ እንደሆነ እንደሚያውቁ ነገሩን፤ ሐኪማቸውም ነግሯቸዋል፤ አንዳንድ ቀን ማን እንደረሱም ይረሳሉ። ኢሶቤ አንባቢዎች ምን ይላሉ የሚል ነገር ጀመረ።

«የጥርሱን ርዝመት የፈለገ ሰው ሁለት መጽሐፍ አለው» አሉት። «እኔም ዮሂራን ስረሳው ሁለቱን መምሪያ ገልጬ አገኘዋለሁ፤ እነ እርሳስ ሁሉንም ጽፈውልኛል። ለባሌ ግን መምሪያ የጻፈለት የለም።»

ቀይ ብዕር ጠየቁ። የኩሱዳ ጥያቄ ሥር «ይቆይ» ብለው ጻፉ። ቀጥሎ ብርቱካኑን ላጡልን።

ወደ ቶኪዮ ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ኢሶቤ ክሱን ተወው። ሺጌሞሪ ሪፖርቱ ላይ ሰነዱ በሠራተኛ እጅ መገኘቱን፣ አለመግባባት እንደነበር ጻፈ። ሰዋስዉን እኔ አረምኩለት፤ በእርሳስ።

ኩሱዳ ያን ምሽትና ሰኞን ሙሉ ሠራ። ከቁጥር አንድ ጀመረ፤ በቅደም ተከተል። የባለቤታቸውን ነገር ሁሉ እንደ ዮሂራ አጣርቶ ጠየቀ፦ የኒጋታው በረዶ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ግንባራቸውን የተመቱት ሁለቴ ነው ወይስ ሦስቴ፣ ቁጥር ስድሳ ላይ ሦስቴ ተብሏልና። ቺናትሱ ወደ ካማኩራ ስትመላለስ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ደረሰ።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ ከሚያውቋቸው ሰዎች ሁሉ፣ ዮሂራ ነክሶት ለዘላለም እንዲኖር የሚመርጡት ማንን ነው?

መልሱ፦ «ባለቤቴ እንቢ ይላል፤ በጊዜ መተኛት ይወዳል። ስለዚህ እርሳስ የያዘውን ሰው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስህተቴን ሁሉ አየ፤ ለማንም አልተናገረም።»

የቀረውን ቺናትሱ ነች የነገረችኝ። መጽሐፉ የወጣ ቀን ለወረፋ ማልጄ ሄጄ፣ ሦስት ቅጂ ታቅፌ ከዶክተር ሃናዋ ኋላ ስቆም አገኘችኝ። ያን ሰኞ የኩሱዳ በር ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር አለች። ሲወጣ ዓይኑ አብጧል፤ ገጹን ግን እንደ ሁሌው ሥርዓቱን ጠብቆ ነበር የሰጣት። ደራሲ ተሳስታ እያየ ማለፍ አይችልም። «ለማንም አልተናገረም» ከሚለው ጎን በእርሳስ፣ በጥቃቅን ፊደል ጽፏል፦ «ለሁለት ፖሊሶች ተናግሯል። ይታረም?»

ባቡር ይዛ ካማኩራ ሄደች፤ ይዛ ተመለሰች። ከእርሳሱ ሥር በቀይ አንድ ቃል ነበር።

ይቆይ።